ያልዋሸችው ምስክር

የሐሰት ምስክር ታሪክ ስንሰማ ደማችን ይፈላል። ገንዘብ ተቀብሎ የማለ፣ በቂም ተነሳስቶ ጎረቤቱን ያሳሰረ፣ በመሬት ጠብ የሰው ስም ያጠፋ። እንዲህ ያለውን ሰው ማውገዝ ቀላል ነው። እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ዓይነት ምስክር ነው። ምንም ያልዋሸ፣ ያየውን ብቻ የተናገረ፣ ከልቡ አምኖ የማለ፣ ግን ንጹህ ሰው ወህኒ ያስወረደ ምስክር።

ስለዚህ ነገር ባሰብኩ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጡት ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ጄኒፈር ቶምሰንና ሮናልድ ኮተን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሐምሌ 1984 ላይ ሁለቱም የ22 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። የሚኖሩት ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ በርሊንግተን በምትባል ከተማ ነው። አይተዋወቁም።

አንድ ሌሊት ጄኒፈር ቤት ሰው ሰብሮ ገባ። ጉሮሮዋ ላይ ቢላዋ ደግኖ ደፈራት። የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና አንድ ነገር ወሰነች፦ ከተረፍኩ ይህን ሰው አስይዘዋለሁ አለች። ፊቱን አጠናችው። የፀጉሩን መስመር፣ ድምፁን፣ ቁመቱን፣ ምልክት ይኖረው እንደሆነ ሁሉንም በልቧ መዘገበች። ከዚያ መጠጥ ላምጣልህ ብላ አዘናግታው፣ ብርድ ልብስ እንደተጠቀለለች በጓሮ በር ሮጣ አመለጠች። ሰውየው በዚያው ሌሊት ብዙም ሳይርቅ ሌላ ሴት ደፈረ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ቀስ ብዬ ልናገር፤ ጥፋቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነውና።

ፖሊስ በእሷ ገለጻ የሰውየውን ፊት አሳለ። ሥዕሉ ተሰራጨ፣ ጥቆማ መጣ፣ የሮናልድ ኮተን ስም ተነሳ። ከዚያ በፊት በሌላ ጥፋት ተከሶ ስለነበር ፎቶው ፖሊስ ጋ አለ። መርማሪው ስድስት ፎቶዎች ጠረጴዛ ላይ ደረደረላት። አምስት ደቂቃ ያህል አየች፤ አንዱን ካንዱ አስተያየችና የኮተንን አነሳች። ደህና ሠራሁ ወይ ብላ ጠየቀች። በጣም ጥሩ ሠርተሻል ተባለች።

ኮተን ፖሊስ እንደሚፈልገው ሲሰማ በራሱ እግር ነው ወደ ጣቢያው የሄደው። ነገሩን ላጥራ ብሎ። በዚያ ሌሊት የት ነበርክ ሲባል ግን ቀኑ ተምታታበት፤ የሌላውን ሳምንት ቅዳሜ ነገራቸው። ሲጣራ ያለው ሳይሆን ቀረ። ፖሊስ ጣቢያ ተጠርተን የትኛው ቅዳሜ ማታ ማን ጋ እንዳመሸን ብንጠየቅ ስንቶቻችን ቀኑን ሳናምታታ እንመልሳለን? ለፖሊስ ግን ይህ ውሸት ሆኖ ታየ።

ቀጥሎ ሰባት ሰዎች በአካል ተደርድረው ቀረቡ። ከፎቶው መሃል ተደግሞ የመጣው ኮተን ብቻ ነበር። ቁጥሩ አምስት። ጄኒፈር አመነታች። አራት ወይም አምስት ነው አለች። ደግማ አየችና አምስት ላይ ጸናች። ስትጨርስ ከፎቶም የመረጥሽው እሱን ነው ብለው ነገሯት። እፎይ አለች። ያን ጊዜ ጥርጣሬዋ ሁሉ ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእንቅልፏም በእውኗም የምታየው ፊት የኮተን ፊት ሆነ። የእውነተኛው ወንጀለኛ ፊት ከልቧ ተፍቆ የኮተን ተተካበት፤ እሷ ግን ይህን አታውቅም።

ጥር 1985 ላይ ፍርድ ቤት ቆማ ጣቷን ቀሰረች። እርግጠኛ ነሽ ወይ? እርግጠኛ ነኝ። ዳኞቹ (አሜሪካ ውስጥ ጥፋተኝነትን የሚወስኑት ከሕዝብ የሚመረጡ ተራ ዜጎች ናቸው) ምን ያድርጉ? ብሩህ፣ የተረጋጋች፣ የምትናገረውን የምታውቅ ወጣት ናት። ኮተን የዕድሜ ልክና በዚያ ላይ 50 ዓመት ተፈረደበት። ሁለተኛዋ ተበዳይ ከተደረደሩት መሃል ሌላ ሰው መርጣ ነበር። ዳኞቹ ግን ይህን እንዲሰሙ አልተፈቀደም። በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን የሻረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኮተን ወህኒ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ቦቢ ፑል የሚባል አዲስ እስረኛ መጣ። እሱም ሴት በመድፈር የተፈረደበት፣ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። ሁለቱ በጣም ከመመሳሰላቸው የተነሳ የወጥ ቤቱ ኃላፊዎች ኮተንን ፑል እያሉ ይጠሩት ጀመር። ኮተን ያን የፖሊስ ሥዕል አስታወሰ። ሄዶ ፊት ለፊት ጠየቀው፤ እኔ የታሰርኩበትን ነገር ያደረግከው አንተ ነህ ወይ? ፑል አይደለሁም አለ። ቆይቶ ግን ለሌላ እስረኛ እኔ ነኝ የሠራሁት ብሎ ማውራቱ ተሰማ።

እስኪ በእሱ ቦታ ቁሙ። ዕድሜህን የበላው ሰው ካንተ ጋር አንድ አዳራሽ ይበላል፣ አንድ ግቢ ይራመዳል። ኮተን ስለት አዘጋጀ። ሊገድለው ነበር። ያዳነው አባቱ ነው። ሊጠይቀው ሲመጣ ሐሳቡን ነገረው። አባቱም ሰው ከገደልክማ ቦታህ እዚሁ ይሆናል ብሎ ተማጸነው፤ ነገሩን ለእግዚአብሔር ስጠው አለው። ኮተን ስለቱን ጣለው። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ከፍርድ ቤቱም፣ ከምርመራውም፣ ከኋላ ከመጣው ይቅርታም ይበልጥብኛል። በዚያች ሰዓት ቢሳሳት ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው አልነበረም። ወይም የሚነሳው «ድሮም ነፍሰ ገዳይ ነበር» ተብሎ ነው።

በ1987 ጉዳዩ እንደገና ታየ። ተስፋው ትልቅ ነበር። ፑል ራሱ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኞቹ ባልነበሩበት ጄኒፈር አየችው። ከጥቂት ሜትር ርቀት፣ በጠራ ብርሃን፣ የደፈራትን ሰው በዓይኗ አየችው። ይሄንን ሰው በሕይወቴ አይቼው አላውቅም አለች። እንዲያውም ንዴት ነው የተሰማት፤ እንዴት ትጠራጠሩኛላችሁ የሚል። አልዋሸችም። እውነትም አላወቀችውም። ሁለተኛዋ ተበዳይ ደግሞ በዚህኛው ችሎት ኮተን ነው አለች። ስለ ፑል የተሰማው ወሬ ለዳኞቹ እንዳይቀርብ ተከለከለ። ኮተን በሁለቱም ወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ የዕድሜ ልክና 54 ዓመት ተፈርዶበት ተመለሰ። ይግባኝ ብሎ ቅጣት አስጨምሮ መጣ ማለት ነው።

እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ትልልቆቹ የሚሉት አንድ ነው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አባባሉን እወደዋለሁ። ተስፋ ለጨለመበት ሰው ጉልበት ይሆናል። ግን እንዲሁ እንዳላለፈው ይከነክነኛል። ንጋት ማንም ምንም ባያደርግ ይመጣል። የኮተን እውነት ግን በራሷ አልመጣችም። ከሁለቱ ሴቶች የተወሰደው ናሙና ፖሊስ ጋ ለዓመታት ሳይጣል ተቀምጦ ነበር። ኮተን ወህኒ ቤት ሆኖ በግድያ የተከሰሰውን የዝነኛውን ስፖርተኛ የኦጄ ሲምፕሰንን የፍርድ ሂደት ሲከታተል፣ የሰውን ማንነት ከደሙና ከሰውነቱ ፈሳሽ የሚለይ ዲኤንኤ የሚባል ምርመራ እንዳለ ሰማ፤ ለጠበቃው ይመርመርልኝ አለ። ጠበቃው ነገሩ ወደ ኋላ የማይመለሱበት መሆኑን አስጠነቀቀው፤ ውጤቱ አንተ ነህ ካለ አበቃ። ኮተን ይመርመር አለ። የአንዷ ናሙና ተበላሽቶ ለውጤት አልበቃም። የሌላዋ በቃ። ኮተን አልነበረም። ፑል ነበር። ሁለቱም ተበላሽተው ቢሆንስ? አንድ የጽዳት ቀን ሣጥኑ ቢጣልስ? ያን ጊዜ እያደር የሚጠራ ነገር አልነበረም።

ሰኔ 30 ቀን 1995 ተለቀቀ። አሥር ዓመት ተኩል ታስሮ ነው። በቀጣዩ ወር አገረ ገዥው በንጽሕና ላይ የተመሠረተ ምሕረት ሰጡት። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ሊከፈለው የሚችለው ካሣ ከ5 ሺህ ዶላር አይበልጥም ነበር። ሕጉ ተሻሽሎ በመጨረሻ 110 ሺህ ዶላር አካባቢ አገኘ። የአሥር ዓመት ተኩል የሰው ዕድሜ ዋጋው ይህ ሆነ።

እንዲህ ዓይነት ነገር አንድ ጊዜ የሆነ አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ባሪ ሼክና ፒተር ኑፌልድ በ1992 ኒውዮርክ ላይ ያቋቋሙት፣ በስሕተት የተፈረደባቸውን የሚረዳው ኢኖሰንስ ፕሮጀክት የተባለ ድርጅት እንደሚለው፣ እስከ 2020 ድረስ አሜሪካ ውስጥ በዲኤንኤ ንጽሕናቸው የተረጋገጠ ሰዎች 375 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከአሥሩ በሰባቱ ገደማ ጉዳይ የዓይን ምስክር ተሳስቶ መለየት አለበት። በዚያ ላይ ከራሳችን ዘር ውጪ ያለን ፊት መለየት ለሁላችንም ይከብደናል። ጄኒፈር ነጭ ናት፣ ኮተን ጥቁር ነው።

ጋሪ ዌልስ የሚባል የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በዚህ ጉዳይ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቷል። በ1998 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት ለተማሪዎች የወንጀለኛ ቪዲዮ አሳዩ። ከዚያ ፎቶ ሰጥተው ለዩ አሏቸው። ወንጀለኛው ከፎቶዎቹ መሃል አልነበረም። ሁሉም ግን አንዱን መረጡ። ለከፊሎቹ «ጥሩ፣ ተጠርጣሪውን ለይታችኋል» ተባለ። እነዚህ በኋላ ሲጠየቁ መጀመሪያውኑ እርግጠኛ ነበርን አሉ፤ በደንብ አይተነዋል፣ ትኩረት ሰጥተን ነበር አሉ። አንዲት የማበረታቻ ቃል ወደ ኋላ ተመልሳ ትዝታቸውን ለወጠችው። የበርሊንግተኑ መርማሪ ክፉ ሰው አልነበረም። የተጎዳች ልጅ ደህና ሠራሁ ወይ ስትለው አጽናናት። ማንም ደግ ሰው የሚያደርገው ነው።

ወደ ይቅርታው ልምጣ።

ጄኒፈር ውጤቱን ስትሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ባል አግብታ ሦስት መንታ ልጆች ወልዳ ነበር። ሁለት ዓመት በሐፍረትና በፍርሃት አሳለፈች። ይመጣብኛል፣ ልጆቼን ይጎዳብኛል ብላ ትሰጋ ነበር። በ1997 እንዲያገናኙን ብላ ጠየቀች። የተገናኙት ከዚያ ቤት ብዙ ባልራቀ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ኮተን ሲገባ መቆም አቃታት። ቀሪ ዕድሜዬን ሙሉ በየደቂቃው ይቅርታ ብልህ ይበቃ ይሆን አለችው። እሱ እጇን ይዞ ይቅር ብዬሻለሁ አላት። ከዚያ በፊትም ይቅር ብሏት እንደነበር፣ በእሷ እንዳልተቆጣ፣ ሁለቱም የአንድ ሰው ተበዳዮች እንደሆኑ ነገራት። ሲወጡ ቤተሰቦቻቸው እያዩ ሁለቱ ተቃቀፉ። ጓደኛሞች ሆነው ቀሩ። አብረው መጽሐፍ ጻፉ፤ በየዩኒቨርሲቲው፣ በየፖሊስ ጣቢያው፣ በየምክር ቤቱ እየዞሩ አብረው ተናገሩ።

ሰው ይህን ሲሰማ እንባው ይመጣል። የእኔም ይመጣል። ግን ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ሲዘጋ እሰማለሁ፤ «አየህ፣ ይቅርታ እንዴት ደስ ይላል» ተብሎ። ይሄ ያናድደኛል። የሚያናድደኝም በራሴ ቤት ስላየሁት ነው።

ልጅ ሳለሁ የእናቴ ወንድም ታስሮ ነበር። የምንኖርባት ትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ ነጋዴ በሌሊት ተደብድቦ ተዘረፈ። በጨለማ፣ በዝናብ፣ በባትሪ ብርሃን ያየውን ፊት የጋሼ ነው አለ። በቂም አይደለም፤ ጠብም አልነበራቸውም። ክረምቱን ሙሉ ከእናቴ ጋር ስንቅ እንወስድለት ነበር። በር ላይ ያለው ጠባቂ ሰሃኑን ከፍቶ ወጡን በማንኪያ ያማስላል፤ እናቴን ቅመሺ ይላታል። እናቴ አንድ ጉርሻ ቆርሳ ትበላለች። ያቺን ጉርሻ በስንት መከራ እንደምትውጣት አጠገቧ ቆሜ አይ ነበር። መስከረም ላይ ዕቃው ሌሎች ሰዎች እጅ ተገኘና ጋሼ ተለቀቀ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች መጡ። ነጋዴውን ይዘው። ቡና ተፈላ። ሰው ነው፣ ተሳስቶ ነው፣ ለእግዚአብሔር ስትል ይቅር በለው አሉ። ጋሼ ተነስቶ ነጋዴውን ሳመው፤ ይቅር ለእግዜር አለ። ተመረቀ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ነጋዴው ግን በዚያ ሁሉ ሰዓት አንድም ጊዜ ተሳስቻለሁ አላለም። ያሰሩት ሰዎችም መጥተው ተሳስተናል አላሉም። እነሱን ማንም አልጠራቸውም። ጋሼ ከዚያ በኋላ ገበያ ሲሄድ ሰው እያየ ይንሾካሾክ ነበር፤ «አይ፣ ታርቀው ነው እንጂ...» እየተባለ። ዕርቁ ራሱ እንደ ጥፋተኝነት ማስረጃ ተቆጠረበት። ሳይበድል የታረቀ ሰው ሆነ።

ለሽማግሌዎቻችን ያለኝ ክብር ትልቅ ነው። ደም ያደርቃሉ፤ ስንት ቤት ከመፍረስ አድነዋል። ግን የተበደለውን ሰው ቶሎ ይቅር እንዲል ስናጣድፈው፣ ለማን ብለን እንደምናጣድፈው መጠየቅ አለብን። ብዙ ጊዜ ለራሳችን ነው። ነገሩ ቶሎ ተዘግቶ እንዲቀለን።

ኮተንና ጄኒፈርን ለየት የሚያደርጋቸው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ እውነቱ በመንግሥት መዝገብ ላይ ሰፈረ፦ ይህ ሰው አላደረገም። ቀጥሎ የበደለችው ራሷ መጣች፤ በስም፣ በአካል፣ ያለ ሰበብ። ከዚያ ነው ይቅርታ የተጠየቀው። ኮተንን ይቅር በል ብሎ ያጣደፈው ሽማግሌ አልነበረም። ሰጠ፤ ሲሰጥም የራሱን ነው የሰጠው። የመንግሥትን ዕዳ አልሰረዘም። ሊሰርዝም አይችልም። ዳኞቹ እንዳይሰሙ የተከለከለው ማስረጃ፣ ተደግሞ የቀረበው ፊት፣ ያቺ የ5 ሺህ ዶላር ሕግ፣ እነዚህ በአንድ ሰው ደግነት የሚዘጉ አይደሉም። በዚያ ላይ ፑል እስኪያዝ ድረስ ሌሎች ሴቶችን ደፍሯል። ፖሊስ ሰውየው ተይዟል ብሎ ፍለጋውን በተወበት ሰዓት ማለት ነው። የእነዚያን ሴቶች በደል ኮተን ምን ብሎ ይቅር ይላል?

ይህን ከማንም በላይ የገባት ጄኒፈር ትመስለኛለች። ይቅርታውን ተቀብላ ቤቷ አልተቀመጠችም። በ2000 ቴክሳስ ውስጥ ጋሪ ግርሃም የሚባል ሰው በዋናነት በአንድ የዓይን ምስክር ቃል ሞት ተፈርዶበት ነበር። እንዳይገደል በአደባባይ ጻፈች፤ እኔም እንደዚያች ምስክር እርግጠኛ ነበርኩ፣ ተሳስቼም ነበር አለች። አልሰሟትም። በሰኔ ወር ተገደለ። በራሷ ግዛት ግን ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ሰሜን ካሮላይና በ2006 ንጹህ ነን የሚሉ ፍርደኞችን አቤቱታ የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመች፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። በ2007 ደግሞ ምስክር እንዴት ተጠርጣሪ እንደሚለይ የሚደነግግ ሕግ አወጣች። ፎቶውን የሚያሳየው መኮንን ተጠርጣሪው የቱ እንደሆነ የማያውቅ መሆን አለበት። ምስክሩ ወንጀለኛው ከነዚህ መሃል ላይኖር ይችላል ተብሎ ሊነገረው ይገባል። ፊቶቹ ባንዴ ሳይሆን አንድ በአንድ ይታያሉ። ምስክሩ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ እዚያው፣ በራሱ ቃል ይጻፋል። ማንም ጎበዝ ሳይለው በፊት።

ይህ ሕግ በ1984 ቢኖር ኖሮ «አራት ወይም አምስት» የሚለው ቃሏ እንዳለ መዝገብ ላይ ይሰፍር ነበር።

አገር ቤት ፖሊስም ጠበቃም የሆኑ ወዳጆች አሉኝ። ስንደዋወል ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው። ሰዎቹን የሚደረድረው ማን ነው? መርማሪው ራሱ ነው ወይስ ሌላ? ምስክሩ መጀመሪያ የተናገረው ቃል ይጻፋል? ይግባኙ ሁሉ ካለቀ በኋላ ኤግዚቢቱ የት ይሄዳል? የመጨረሻውን ጥያቄ ስጠይቅ አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። እኔም ደግሜ እጠይቃለሁ።